አታሚው ኢዮብና የእኛ ምርጫ

ሰኞ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1980

ኑርሑሴን ትናንት ከሆስፒታል ወጣ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ብለውታል። እንግዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደሙን የሚያጥብለት ማሽን ላይ ሊተኛ ነው። ይህን ሁሉ ሚስቱ ዘይቱና የነገረችኝ በሬ ላይ ቆማ ነው። «ግቢ እንጂ» ብላት እምቢ አለች፣ ብቻውን ትቼው ነው የመጣሁት ብላ። ከግድግዳችን ወዲያ ማዶ እኮ ነው ያሉት! እኔው ሄድኩ። ትልቋ ልጃቸው ቶይባ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሁሉ በተራ ደርድራ፣ የሐኪሙን ነገር ለእናቷ እያስረዳች፣ መሐል ላይ ሲጠፋባት «ኦኬ፣ ዌይት ማማ» ትላለች። ትንሹ ደግሞ የፊት ጥርሱ ወልቆ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። ኑርሑሴን ሶፋው ላይ ተጋድሟል፣ እግሩ አብጦ ካልሲ አልገባለት ብሏል። «ማንአልሞሽ፣ ጫማዬን ለባልሽ ለይርጉ ልታወርሺው ነው የመጣሽው?» አለኝ። የሚቀልድ በሽተኛ ደስ ይለኛል።

ዘይቱና መኪና አትነዳም። ማሽኑ ያለበት ቦታ ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ያውም በንጋት። «መረዳጃ ማኅበራችን ምን ይሠራል? ተራ ገብተን እናደርሰዋለን» አልኳት። ቀለል አላት፣ አየሁት ፊቷ ላይ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሚስስ ሃሊዴይ በየቀኑ ጻፉ፣ በቋንቋችሁም ቢሆን፣ ብላናለች። ይኸው ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ጽሕፈቴ ይዘላል። ሚስስ ሃሊዴይ ለእያንዳንዳችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አደለችን። ለቬትናሟ ለሚስስ ትራን አውሮፕላን አብራሪ ሴት ደረሳት። ለእኔ፣ «አንቺ ማተሚያ ቤት ስለምትሠሪ» ብላ፣ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የነበረ እንግሊዛዊ አታሚ ሰጠችኝ፣ ኋላ ፓርላማ የገባ። ጆብ ሰትክሊፍ ይባላል። ከገና ዕረፍት በፊት ክፍሉ ፊት ቆሜ ስለሱ መናገር አለብኝ። በእንግሊዝኛ! መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ ፊደሉ ግን ጉንዳን ነው። ጆብ ማለት ኢዮብ ነው አለችኝ። እንግዲያው ኢዮብ እለዋለሁ፣ የማውቀው ሰው ይመስለኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 7

ከስብሰባ ገባን። ይርጉ የማይገባውን የአሜሪካ ኳስ ከፍቶ አፍጥጦበታል፣ እንዳላናግረው ነው።

ሊቀ መንበራችን ጋሼ ወንዳፍራሽ ደንቡን አነበቡ። ሳያሳውቅ ሦስት ስብሰባ የቀረ አባል ይሰረዛል፣ እንደገና ለመግባት ዓመት ይጠብቃል፣ እስከዚያ ማኅበሩ ለእሱ ምንም አያደርግም። ኑርሑሴን ክረምቱን ሙሉ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ እኔ አሁን ነው ያወቅሁት፣ በሽታውን ደብቆ ነው። ዘይቱናም «ሥራ በዝቶበት ነው» እያለች ነው የከረመችው። እኛ ሰዎች እንደሆንን በሽታን እንደ ነውር እንሸሽገዋለን። ይኸው ደንቡ ቀደመው።

ተነስቼ ልናገር ነበር። ግን ጋሼን ማን ይናገራል? ሲያትል ስንገባ ሁላችንንም ኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው ናቸው፣ ካፖርት ይዘው። እኔ የደረሰኝ የወንድ ካፖርት ነበር፣ እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ። ይርጉን መኪና ማቆሚያው ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው። ለግማሹ ሰው አፓርታማ ሲከራይ የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ በደንቡ መሠረት ይሰረዝ የምትሉ» አሉና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ፊት ለፊት አዩን።

እጅ ወጣ። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የይርጉም ወጣ። እኔ ደግሞ የተቀመጥኩት መብራቱ ሥር ነበር፣ ዓይኔን ወጋኝና ልከልለው ብዬ እጄን ከፍ አደረግሁ። ጋሼ ሲቆጥሩ ሳይቆጥሩኝ አልቀሩም።

ክፉ ሰው እኮ አይደሉም። አምና በዚሁ ደንብ የገዛ ሚስታቸውን ወንድም ሰርዘዋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ቆሻሻ ልጥል ስወጣ የዘይቱናን ድምፅ ሰማሁ። ከነቆሻሻው ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

በንጋት የጎረቤት በር ተከፈተ። በመስኮት አየሁ። ዘይቱና ከፊት፣ ኑርሑሴን ትከሻዋን ይዞ ከኋላ። ፌርማታው እዚህ ነው፣ እነሱ ግን እየተቀመጡ ነው የሚሄዱት። ይርጉን ቀሰቀስኩት።

«ተነስና አድርሳቸው።»

«ማኅበሩ የሰረዘውን ሰው እኔ ብቻዬን? ጋሼ ቢሰሙ ናቀን ነው የሚሉት።» ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። ፒጃማው ላይ ሱሪ ደረበና ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ሲመለስ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ሥራ አርፍዶ ስለገባ ተቆጥተውታል። ከእንግዲህ አይችልም፣ ሥራው የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው።

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። መጻፍ መናገር አይደለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

ኢዮብን ጀመርኩት! በምሳ ሰዓት ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ተቀምጬ፣ መዝገበ ቃላቱ ጉልበቴ ላይ። አባቱ ሸማኔ ነበር፣ ሞተ። ኢዮብ በልጅነቱ ለአታሚ ተሰጠ። ማሽኑ ሥር ይተኛ ነበር፣ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድር ነበር፣ የእርሳስ ፊደል፣ ያውም ወደ ኋላ የተገለበጠ። ጣቱ ከቀለም የጸዳበት ቀን የለም። ኋላ ፓርላማ ሲገባ ባላባቶቹ «ባለ ጥቁር ጣቱ» እያሉ ያሾፉበት ነበር ይላል። አለቃዬ ሚስተር ዴል በላዬ አጎንብሶ ሥዕሉን አየና፣ «ይህ ሰው እንደኔ ጀርባውን ያመዋል፣ አቋቋሙ ያስታውቃል» አለኝ። እንደ አጎቴ ነው የወደድኩት፣ ኢዮብን ማለቴ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ከዘይቱና ጋር አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። እሷ ናት በሩን አንኳኩታ «ማኔ፣ ዛሬ ብርታት የለኝም» ያለችኝ። ስለ ስብሰባው አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጠን ደሙ በቱቦ ሲወጣ ሲገባ አየን። ዘይቱና እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔ ትከሻ ላይ። ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ስንመለስ አንድ ፌርማታ ስናልፍ ኑርሑሴን አስመለሰው፣ ወርደን ሳሩ ላይ ተቀመጥን። ዘንድሮ ዝናቡ መጥፋቱ በጀን። ኑርሑሴን አፉን ጠርጎ «ሽርሽር ማለት ይህ ነው» አለ። ዘይቱና ግን አልሳቀችም። «ብተወው ይሻላል አለኝ ትናንት» አለችኝ በጆሮዬ። «ማሽኑን ልተወው አለኝ። እናንተን ማንገላታት ሰለቸኝ አለኝ።»

ቢተወው ሳምንትም አይቆይም። ሐኪሙ ለቶይባ ነግሯታል፣ ለልጅቷ!

እሑድ፣ ጥቅምት 21

የተሰማኝ ደስታ ይሁን ንዴት አላውቅም። ኢዮብ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሰው ሲመርጥ እንደኛው ነበር፣ እንዲያውም የባሰ። ከተማው መሐል የእንጨት መድረክ ይሠራሉ። መራጩ ይወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ለእገሌ» ይላል። ቤት አከራዩ፣ የፋብሪካው ጌታ፣ ሁሉም ከታች ቆመው ይሰማሉ። ይህ አልበቃ ብሎ፣ ምርጫው ሲያልቅ ማን ለማን እንደሰጠ ከነስሙ ታትሞ ይሸጣል። የሚያትመው ማን ነው? ኢዮብ! እንጀራው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሳለ የጎረቤቱ የጫማ ሰፊው ዕቃ መንገድ ላይ ሲጣል አየ። አከራዩ አጠገቡ ቆሟል፣ በእጁ ኢዮብ ያተመውን ይዞ፣ ጣቱን የጫማ ሰፊው ስም ላይ አድርጎ። ጫማ ሰፊው ወደ ኢዮብ ዞሮ አየው ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሳህን አጠብኩ። ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ምርጫ አላትምም አለ። ሥራው ቀዘቀዘ፣ መስኮቱ ተሰበረ። ሚስቱ ሃና «ካላተምከውማ ተናገረው» አለችው። ከዚያ ነው ፖለቲካ የገባው! ድምፅ በወረቀት ይሁን፣ ተጣጥፎ፣ በምስጢር፣ እያለ ከተማ ለከተማ ዞረ። የሞተ ድመት ወርውረውበታል። መጀመሪያ ሲወዳደር የገዛ አማቹ መድረክ ላይ ወጥቶ ለሌላው ጮኸ፣ ቤቱ ኪራይ ስለሆነ። ኢዮብ ተሸነፈ። ማታ ግን አማቹን እራት ጠራው።

ይህን ለይርጉ ሳነብለት ሰማና «አማቹስ ምን ያድርግ?» አለ። ከዚያ ኳሱን አጠፋው።

ወረቀት! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብነውም?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

ሚስስ ሃሊዴይ «ያ ሕግ መጨረሻ ላይ ወጣ» አለችኝ። ኢዮብ አሸነፈ ማለት ነው! ገጹን ሳልደርስበት ነገረችኝ እንጂ። ቸኩያለሁ፣ ፈረቃ አለብኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 5

ምን አደረግሁ! ምን አደረግሁ!

እጄን አወጣሁ፣ የዛሬው ለመናገር ነው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ድምፅ በወረቀት ይሁን። ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ።»

ከኋላ አንዱ «ምን የምንሸሽገው አለ?» አለ። ሌላው «ሌቦች ነን እንዴ?» አለ።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ፈገግ አሉ። «ይህን ከየት አመጣሽው፣ ማንአልሞሽ?»

«ከኢዮብ።»

«እሱ እንኳን ስለ ቁስሉ እንጂ ስለ ምርጫ ሲናገር አላነበብኩም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን አልተቀመጥኩም። ስለ ጫማ ሰፊው ነገርኳቸው። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

«እሺ» አሉ ጋሼ። «እኔ የምፈራው ነገር የለም። ኅዳር ሃያ ስድስት የሊቀ መንበር ምርጫ ስለሆነ በዚያው እንሞክረዋለን። ለመሆኑ የሚወዳደረኝ ማን ነው?»

ያኔ አባባ ተክለ ጻድቅ፣ የሁላችን ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ይህችው ወረቀት ያለችው ትወዳደራ!»

«እኔ? ኧረ በማርያም አባባ!»

«ነገር ማምጣት ካወቅሽበት መሸከሙንም ልመጂው።»

እምቢ አልኩ። እንደገና እምቢ አልኩ። ጸሐፊው ግን ጽፎታል። «ብመረጥ መጀመሪያ የምለውጠው ደንቡን ነው» አልኩ፣ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ። «የታመመ ሰው እንደ ቀረ አይቆጠርም። ኑርሑሴን ይመለሳል፣ ተራ እንገባለታለን።» አንዳንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ስንመለስ ይርጉ አይ ፋይቭ ከሚሉት አውራ ጎዳና ወጣ። ከዚያ «አንቺ ሴት፣ ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው?» አለ።

«ደግሞ የምመረጥ መስሎህ ነው?»

«ካልተመረጥሽማ የባሰ ነው!»

እኔ ሹመት አልፈልግም። ግን ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ ሊቀ መንበር ብሆን ወንበሮቹን ክብ አደርጋቸው ነበር፣ ሰው የሰው ማጅራት እያየ ምን ይወያያል? ሻዩንም መጨረሻ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ አደርገው ነበር። እንዲያው ለማሰብ ያህል ነው። ጸጉሬንም ልሠራ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ የቆየ ሐሳብ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ቁርስ ሰዓት። ይርጉን ጋሼ በስልክ ኮል አድርገውታል። «ሚስትህ ደህና ናት?» ብቻ ብለው ዘጉ። ምን ማለት ነው? ደህና ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ድምፅ መስጫውን አተምን! ሚስተር ዴል ከሌላ ሥራ የተረፈውን ቁራጭ ወረቀት ውሰጂ አለኝ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የለንም፣ ስለዚህ አባባ ተክለ ጻድቅ ስሞቹን በቁም ጽሕፈት ጽፈው ሰጡኝ፣ ዓይን የሚስብ ጽሕፈት። ያንን ፎቶ አንስተን ወደ ማተሚያው አስገባነው። የማን ስም ከላይ ይሁን ብዬ ተጨንቄ ጋሼን ከላይ አደረግኋቸው፣ በዕድሜም ይበልጡኛል።

የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። ስሜን አየሁት። ስንት ዓመት የሰው ስም ሳጥፍ ሳስተካክል ስኖር የራሴ ስም ሲታተም የመጀመሪያዬ ነው። በጣቴ ነካሁት፣ ተቀባብኝ። ሚስተር ዴል «ሥራ አበላሸሽ» አለና ሳቀ። የተበላሸውን አልጣልኩትም። ለታሪክ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

የአሜሪካኖቹ ምስጋና ቀን። ማሽኑን ወደ ነገ አዛወሩለት። ጾም ስለገባ ዘይቱና ለእኔ ብላ ምስር በሩዝ ሠራች። ኑርሑሴን ውሃ ተለክቶለት በረዶ ይመጥጣል። ፊቱ ጠቁሯል፣ ግን «ብትመረጪ በማንኪያ ሳይሆን በጆግ የሚያጠጣ ደንብ አውጪ» አለኝ።

ዘይቱና እያቀረበች ሳለ፣ «ያን ቀን እጅ ያወጡትን አንድ በአንድ ነግረውኛል» አለች። ይርጉ ጨው ፍለጋ ጀመረ፣ ጨው ፊቱ ነበር።

«አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አለችና የእኔን ሳህን ደግማ ሞላችው። ሁሉንም በላሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ዝናቡ መጣ። በንጋት ወጥቼ ጃንጥላ ይዤላቸው ፌርማታው ድረስ ሄድኩ። ይርጉ አለቃው ስለጠመደው አልቻለም። ኑርሑሴን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ እግሩን ማንሳት አቅቶት ሹፌሩ ወርዶ ረዳን። «እስከ እሑድ ታገሥ» አልኩት። «እሑድ ምን አለ?» አለኝ፣ እያወቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የቀለደው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 23

ተናገርኩ! ክፍሉ ፊት፣ በእንግሊዝኛ፣ ወረቀቴን ሳላይ!

መጨረሻውን ትናንት ነው አንብቤ የጨረስኩት። ሕጉ ወጣ፣ ሰው በወረቀት መምረጥ ጀመረ። የመጀመሪያው የምስጢር ምርጫ ሲደረግ ታዲያ ኢዮብ ራሱ ወደቀ! የገዛ ከተማው ሰዎች ጣሉት፣ እሱ በሠራው ሳጥን። በማግስቱ ሽርጡን አጥልቆ ሱቁን ከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ደንበኛ ያሸነፈው ሰው ነበር፣ ለመራጮቹ የምስጋና ማስታወቂያ ሊያሳትም። ኢዮብ አተመለት። ያውም አንድ ስሕተት አርሞ።

ይህን ስናገር ሚስስ ትራን መሐረብ አወጣች። ሚስስ ሃሊዴይ «ተናደደ ወይስ ደስ አለው ትያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሁለቱንም፣ ግን ለሰው አላሳየም» አልኳት። ሁሉም አጨበጨቡ። አውቶቡሱ ላይ ለብቻዬ ስስቅ ሰው አየኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 26

መረጥን።

የጠረጴዛ ልብስ ኮት መስቀያው ላይ ዘርግቼ መጋረጃ አደረግሁት፣ ሳጥኑ የይርጉ የጫማ ካርቶን ነው። ሰው መጀመሪያ ላይ አፈረ። አንድ በአንድ ከመጋረጃው ኋላ ሲገቡ፣ መታጠቢያ ቤት እንደሚገባ ሰው ዙሪያቸውን እያዩ። ሲወጡ ግን ፊታቸው ሌላ ነው። እንዴት ብዬ ልጻፈው? ቀና ብለው።

አባባ ተክለ ጻድቅ ወረቀታቸውን ሳያጥፉ ይዘው ወጡ። ስሜ ላይ ምልክት አድርገው ከሥሩ «ተክለ ጻድቅ» ብለው ፈርመውበታል! «ምስጢር ነው እኮ አባባ!» ቢሏቸው «እኔ ያልፈረምኩበትን ነገር አላምንም» አሉ። ጸሐፊው ይሰረዝ አለ። ጋሼ ወንዳፍራሽ ናቸው «ተወው፣ ይቆጠር፣ ሽማግሌ ናቸው» ያሉት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ገባሁ። እርሳሱ በክር ታስሯል። ከላይ ጋሼ፣ ከታች እኔ። መጋረጃውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም እንደማያይ አውቃለሁ። ግን ሰው እንዴት የራሱ ስም ላይ ምልክት ያደርጋል? እናቴ ይህንን ብታይ ምን ትለኛለች? «ራሷን ሾመች» አይባልም? ከውጭ አንዱ «ማንአልሞሽ እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ?» አለ። ቶሎ አደረግሁና አጠፍኩት፣ ወጣሁ።

ተቆጠረ። ለጋሼ ሠላሳ አንድ፣ ለእኔ ሠላሳ።

ሠላሳ! ሠላሳ ሰው! ይርጉ ክንዴን ጨምቆ አልለቀቀኝም። ተነስቼ ጋሼን ሳምኳቸው፣ «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። ጉንጫቸው ቀዝቅዟል። «ሠላሳ ሰው» አሉ በቀስታ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን። ያሸነፈ ሰው አይመስሉም ነበር። ሰው ሁሉ ወንበር ሲያጥፍ እሳቸው አንዱ ላይ ተቀምጠው ቀሩ።

አንድ ድምፅ ብቻ። የዘይቱና በር ሥር መብራት ይታያል፣ አልገባሁም። ምን ብዬ? አንድ ድምፅ…

ራሴን አሞኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 27

ከሥራ ስገባ ጀምሮ ሰው ሲመጣ ሲሄድ ነው። ሁሉም ካፖርቱን ሳያወልቅ «እኔ ላንቺ ነው የሰጠሁት» ይለኛል። ባልና ሚስት መጥተው ሁለቱም ማሉ። ጸሐፊው ሳይቀር መጣ! ይርጉ «ይህን ሁሉ ብንቆጥር ሲያትል ሙሉ መርጦሻል» አለ። ስቀን ሞትን።

ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ወንዳፍራሽ! ብርቱካን ይዘው፣ ዝናብ መትቷቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ይርጉ እንደ ወታደር ቆመ።

«ተቀመጥ አንተ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔም ላንቺ ነው የሰጠሁት» አሉ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ለራሴ ልስጥ? ምን ይባላል?»

ይርጉ ወደ እኔ ሲያይ ተሰማኝ። እኔ ብርቱካኑን ነበር የማየው።

«ያልገባኝ አንድ ነገር አለ» አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው እጁን ሲያወጣልኝ ኖሯል። ሲያወጣ በልቡ ምን ይል ነበር?» ሰዓታቸውን አዩና ቀጠሉ። «የኑርሑሴን ማሽን በስንት ሰዓት ነው?»

«በንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ደንቡ አይነካም። ደንብ ደንብ ነው፣ እስኪለወጥ። ግን ነገ በዚህ በኩል የማልፍበት ጉዳይ አለኝ።»

የሚኖሩት ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ፌደራል ዌይ ነው! በንጋት እኛ ሰፈር ኖርዝጌት ምን ጉዳይ አላቸው? ግን አልጠየቅሁም፣ በር ድረስ ሸኘኋቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28

መጡ። ገና ሳይነጋ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ። ኑርሑሴንን ደግፈው ራሳቸው አስገቡት፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቁለት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ግን ኑርሑሴን ሲስቅ በመስኮቱ አየሁ፣ ጋሼም ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ። ለሐሙስ ሁለት ሰዎች ኮል አድርገው እኔ ልውሰድ እኔ ልውሰድ ብለው ተጣሉ። ለቅዳሜም ተገኝቷል። ጸሐፊው «ደንቡን በሚቀጥለው ስብሰባ በወረቀት እናየዋለን» ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ ዘይቱና መጣች። ዛሬ ገብታ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አውልቃ።

«እኔና ኑርሑሴን አባል ብንሆን ኖሮ ታሸንፊ ነበር» አለችኝ።

«ይሁን፣ ምን ችግር አለው።»

«አንድ ሰው እኮ ነው፣ ወላሂ አንድ ሰው! ከጋሼ ወደ አንቺ ቢዞር ያንቺ ነበር። ይርጉ ይሆን?»

«ይርጉስ ለእኔ ነው፣ ምሎልኛል።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ዘይቱዬ፣ ድምፅ እኮ ምስጢር ነው» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማኔ! አንቺ ራስሽ ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ኧረ ሻዩ ገነፈለ!» ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ሻይ አልጣድኩም ነበር።